የ«መቼት» መሰንጠቅ፤ ዳግም ጉዞ በቬኒስ ጸሐፊዎች ድርሰት

በሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን «መቼት» የምትለው ቃል ከ«መቼ»ና ከ«የት» ተገጣጥማ የተሠራች መሆኗን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ ያውቃል። ጊዜንና ቦታን በአንድ ትንፋሽ ስለምታስጠራ ልብ ወለድን ለማስተማር ታመቻለች። ይሁን እንጂ ይህችን ቃል የሚፈታተናት አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ። ሰው በወጣትነቱ አይቶ የወደዳትን ከተማ፣ ከዓመታት በኋላ ሥራ በሌለው የዕረፍት ወቅት ተመልሶ ያያትና ስለዚያ ይጽፋል። «የት» የሚለው እንዳለ ነው፤ አደባባዩም ቦዩም ድልድዩም በቦታው ቆሟል። «መቼ» የሚለው ግን ሄዷል። እንዲህ ያለ ድርሰት መቼትን ለሁለት ይሰነጥቃታል፤ ሐያሲም ሊመለከተው የሚገባው ይህንኑ ስንጥቅ ነው እላለሁ። ጸሐፊው ለጠፋበት «መቼ» ማንን ይከሳል? ከተማዪቱን ወይስ ራሱን? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ለመመርመር የመረጥኋት ከተማ ቬኒስ ናት፤ ምክንያቱም ደጋግመው ተመልሰውባት ደጋግመው የጻፉባት ደራስያን ብዙዎች ናቸው። ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ አንድ የትርጉም ችግር ልናገር። የእነዚህ ደራስያን የዕረፍት ወራት ሐምሌና ነሐሴ በአገራቸው የፀሐይ ወራት ናቸው። እኛ ዘንድ ግን ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዝናቡ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው «የበጋ ዕረፍት» ቢል የአማርኛ አንባቢ ጥርና የካቲትን ያስባል፤ «የክረምት ዕረፍት» ቢል ደግሞ ጭቃና ጭጋግ ይታየዋል። ሁለቱም አይሆኑም። እኔ «የፀሐይ ወራት» እያልሁ እጽፋለሁ፤ የተሻለ ያለው ያርመኝ።

የእኛው የጉዞ ድርሰት በአብዛኛው የመጀመሪያ እይታ ድርሰት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንንን የ1916 ዓ.ም. የአውሮፓ ጉዞ በተረኩበት «ደስታና ክብር» ውስጥ ተጓዡ የመንግሥት እንግዳ ነው፤ ቀኑ በአቀባበልና በግብዣ የተያዘ ነው። የሚያየውን ለማያየው ወገኑ ለማድረስ ይጽፋል እንጂ የቀድሞ ማንነቱን ፍለጋ አይደለም። ደግሞ ደጋግሞ ወደ አንድ ቦታ መሄድ ለእኛ እንግዳ ነገር ሆኖ አይደለም፤ ቁልቢ ወይም ግሸን በየዓመቱ የሚወርድ ምእመን ሞልቷል። እርሱን የሚመልሰው ግን ስለት ነው፤ ዕረፍት አይደለም። ባለስለቱ «ዘንድሮ ደብሩ አልጣመኝም» ብሎ አይጽፍም። ዕረፍተኛው ግን ይጽፋል።

ከሁሉ በፊት የጻፈው ደግሞ ጎተ ነው። በመስከረም 1786 መጨረሻ ቬኒስ ሲደርስ ገና የመጀመሪያው ቢሆንም እንደ ተመላሽ ነበር የገባው። አባቱ ከጣሊያን ይዘው የመጡት ትንሽ የጎንዶላ አምሳያ በልጅነቱ ቤታቸው ነበረችና እውነተኛይቱን ጀልባ ሲያይ እንደ ዱሮ ወዳጅ ሰላምታ ሰጣት። ከቅዱስ ማርቆስ ግንብ ላይ ሆኖ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር አየ። ሁለት ሳምንት ያህል ሰነበተ፤ ደስታውም ከገጽ ገጽ ይፈስሳል። በመጋቢት 1790 መጨረሻ እንደገና ሲመጣ ግን የመጣው የዌይማርን መስፍን እናት አና አማልያን ተቀብሎ ለማጀብ ነበር። እርሳቸው እስኪደርሱ ጠበቀ። በዚህ ጊዜ የጻፋቸውና በ1796 የታተሙት አጫጭር ግጥሞች ቆሻሻውን፣ አጭበርባሪውን፣ ካህናቱን ይነቅፋሉ። በአራት ዓመት ውስጥ ከተማዪቱ ይህን ያህል ተበላሸች? አልተበላሸችም። ግጥሞቹ ራሳቸው ምክንያቱን ይናገራሉ፤ ገጣሚው ክርስቲያነን ዌይማር ትቶ ነው የመጣው፤ ልጃቸው አውጉስትም በታኅሣሥ 1789 የተወለደ ጨቅላ ነበር። ልቡ ወደ ሰሜን ሄዶ እግሩ ብቻ ደቡብ ቀርቷል።

እነዚህን ግጥሞች እኔ ከብዙዎች ሐያስያን ይልቅ አከብራቸዋለሁ። ብስጩ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ባለጌ ናቸው። ነገር ግን ክሱን በከተማዪቱ ላይ አቅርበው ሲያበቁ ማስረጃውን በከሳሹ ላይ ያስቈጥራሉ። «የጣሊያን ጉዞ» የተባለው ታላቅ መጽሐፍ ከቀድሞ ደብዳቤዎችና ማስታወሻዎች ተሰናድቶ በ1816 እና በ1817 መታተም ሲጀምር ሠላሳ ዓመት ያህል አልፎ ነበር፤ ሦስተኛው ክፍል የወጣው በ1829 ሲሆን ርእሱም «ዳግም ቆይታ በሮማ» ይባላል። ጎተ ከኔፕልስና ከሲሲሊ ተመልሶ ከሰኔ 1787 እስከ ሚያዝያ 1788 ሮማ ተቀምጧል፤ በዚያ ዳግም ቆይታው ተደስቷል። ሮማ ሲመለስ ሥዕልና ጽሑፍ ይዞ እየተማረ ነበር፤ ቬኒስ ሲመለስ ቆሞ ጠባቂ ነበር። ዕረፍት የምንለው ነገር ሥራ መፍታት ብቻ አለመሆኑን ሁለቱ መመለሶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያሳያሉ።

ጆን ረስኪን በ1845 ሲመለስ ያገኛት ቬኒስ ከየብስ ጋር የሚያገናኛት የባቡር ድልድይ እየተሠራላት፣ ሕንፃዎቿም እየተጠገኑ ነበር። ደነገጠ፤ በብር ሰሌዳ ላይ የተነሡትን የጥንቱን ዓይነት ፎቶግራፎች እየገዛ ከተማዪቱን ሳትጠፋ ሊይዛት ሞከረ። «የቬኒስ ድንጋዮች» የተባለው ሥራው (1851–1853) የዚህ ድንጋጤ ፍሬ ነው። መጽሐፉ ትልቅ ነው፤ የሰው ድምፅ ግን እምብዛም አይሰማበትም። ርእሱም ስለ ድንጋይ መሆኑን አልደበቀም።

ሄንሪ ጄምስ ይበልጥ ያስቸግራል። በ1909 ያሳተመው የጣሊያን ድርሰቶች መድበል የአርባ ዓመት ያህል መመላለስ ውጤት ነው። በመድበሉ ውስጥ ስለ ቬኒስ መጀመሪያ የምናገኘው በ1882 የወጣውን ድርሰት ነው፤ ከዚያ በ1892 ስለ ታላቁ ቦይ የጻፈውን፤ በ1872 የተጻፈው የወጣትነቱ ድርሰት ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። አንባቢ ከመጀመሪያው ፍቅር በፊት መመለሱን ያነባል ማለት ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለእኔ ከብዙ ዐረፍተ ነገር የበለጠ ይናገራል። ተመላሹ የመጀመሪያውን ቀን በቀጥታ ሊደርስበት አይችልም፤ በኋለኞቹ ቀኖች በኩል ዞሮ ነው የሚያገኘው።

የ1882ቱ ድርሰት ስለ ቬኒስ አዲስ ነገር መናገር እንደማይቻል አምኖ ይጀምርና ብዙ ገጽ ይናገራል። ዋና ሐሳቡ ከተማዪቱ የምትወደደው ቀስ በቀስ፣ ቀን በቀን ተቀምጠው ሲያዩአት ነው የሚል ነው፤ ጥቂት ቀን አይቶ የሚሄድ ይጠላታል ይላል። እዚህ ላይ እስማማለሁ። ነገር ግን ያው ሰው ሌሎች ጎብኝዎችን እንደ አረመኔ ጭፍራ ይቈጥራቸዋል፤ ራሱን ከእነርሱ ጋር አይደምርም። በ1881 ሥራ የጀመሩት የእንፋሎት ጀልባዎችም በታላቁ ቦይ ላይ ሲያልፉ ያስከፉታል። የቬኒስ ድሃ በዚያች ጀልባ በጥቂት ሳንቲም ወደ ሥራው መድረሱ ግን ሚዛኑን ብዙ አያነሣውም። ድህነቱን አላየም ማለት አይቻልም፤ አይቶ የትርኢቱ አካል እንደሆነ በግልጽ ጽፏል። ከዚህ ግልጽነት ቀጥሎ ምን ይበል እንደነበር ለማወቅ ስጠብቅ ወደ ውኃው ቀለም ይመለሳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ድርሰት ክፍል ውስጥ ሳስነብብ አንድ ተማሪ «የሀብታም ሽርሽር ማንበብ ለእኛ ምን ይረባናል?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አልነበረም። ሳይቸኵል የሚያርፍ ሰው ካለ ጀልባ የሚቀዝፍለት፣ አልጋ የሚያነጥፍለት፣ ምሳ የሚያቀርብለት ሌላ ሰው አለ። እንዲህ ያለውን ድርሰት ስናነብ «ቀዛፊው ማን ነው? ይናገራልን?» ብለን እንጠይቅ ብዬ መለስሁ። ያን ጊዜ ያነበብነው ቀጣይ ሥራ የቶማስ ማን «ሞት በቬኒስ» (1912) ነበርና ጥያቄው ጥሩ መግቢያ ሆነን።

የልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ አሸንባኽ ቬኒስን ቀድሞ ያውቃታል፤ አንድ ጊዜ አየሯ ጤናውን አውኮት ጥሎ ሸሽቷል። እንደገና ለዕረፍት ሲመጣ ያው ከባድ አየር ይቀበለዋል። ሊሄድ ይነሣል፤ ሻንጣው በስሕተት ወደ ኮሞ ይላክበታል፤ እርሱም በደስታ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። መመለስ በመመለስ ውስጥ ነው። ማን ከሌሎቹ የሚለየው አገሬውን ስላስናገረው ነው። ያልተፈቀደለት ቀዛፊ እንግዳው ካሰበው ሌላ ቦታ ይወስደዋል፤ ሒሳቡንም ሳይቀበል ይሰወራል። በሆቴሉ ደጅ የሚዘፍነው አዝማሪ በእንግዶቹ ላይ ይሥቃል። ከተማው ኮሌራ ገብቶበት ሳለ ባለሥልጣኖቹም ነጋዴዎቹም ይደብቁታል፤ የጎብኝዎቹ ወቅት እንዳይቋረጥ። እውነቱን በመጨረሻ የሚነግረው በጉዞ ወኪል ቢሮ የሚሠራ እንግሊዛዊ ጸሐፊ ነው። የአገሩ ሰው ዝም ይላል፤ እንጀራው በዝምታው ላይ ነውና። ሄንሪ ጄምስ ሊገባበት ያልወደደውን ማን ገብቶበታል።

ጆሴፍ ብሮድስኪ ደግሞ የፀሐይ ወራትን ጭራሽ እምቢ ያለ ተመላሽ ነው። በ1972 ከሶቪየት ኅብረት ተባርሮ ከወጣ በኋላ በዚያው ዓመት በብርዱ ወቅት ቬኒስ ደረሰ፤ ከዚያም በገና ሰሞን ከመምህርነቱ ሲያርፍ ዓመት እየጠበቀ ይመለስባት ነበር። በእንግሊዝኛ በ1992 የወጣው መጽሐፉ አጫጭር ምዕራፎች ያሉት፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ጭጋግና ስለ ዓይን የሚያወጋ ነው። ከሕዝቡ ይልቅ ውኃው ይበዛበታል፤ በዚህ ከጄምስ አይሻልም። ሆኖም አንድ ነገር ያድነዋል። የተወለደባት ሌኒንግራድም የውኃና የድልድይ ከተማ ናት፤ ወደ እርስዋ መመለስ አልቻለም። «ተመላሽ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው ቀድሞ የሚታየን። ብሮድስኪ ወደ ቤቱ መግባት ስላልቻለ ወደ ሰው ቤት ይመለሳል። በስደት የሚኖሩ የአማርኛ ጸሐፊዎቻችን ይህን መጽሐፍ ቢያነቡት ያለ አስተርጓሚ ይገባቸዋል ብዬ አስባለሁ። ደራሲው በጥር 1996 ኒው ዮርክ ሞቶ በቬኒስ በሳን ሚኬሌ ደሴት ተቀብሯል።

ዛሬ የሚመለስ ሰው የሚያገኘው ሌላ ስንጥቅ ነው። በ1951 በጥንታዊቱ ከተማ ወደ 175,000 የሚጠጋ ሰው ይኖር ነበር፤ በ2022 ከ50,000 በታች ሆኗል። በ2024 ከተማዪቱ ለቀን ጎብኝዎች በተመረጡ ቀናት 5 ዩሮ የመግቢያ ክፍያ ማስከፈል ጀመረች። ድንጋዩ ተጠብቋል፤ የረስኪን ምኞት በከፊል ተፈጽሟል ማለት ይቻላል። የጎደለው ጀልባውን ቀዝፎ፣ ልብሱን አጥቦ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ ነዋሪ ነው። በእነዚያ ድርሰቶች ውስጥ የሌለው ሰው ከከተማዪቱም እየወጣ ነው። የድርሰቶቹ ጥፋት ነው አልልም፤ ግን ሁለቱን መቅረቶች አንድ ላይ ሳያስብ ጄምስን የሚያነብ አንባቢ ግማሹን ብቻ ያነባል።

ኢታሎ ካልቪኖ በ1972 ባሳተመው «የማይታዩ ከተሞች» ማርኮ ፖሎ በኩብላይ ካን ፊት ቁጭ ብሎ ስለ ብዙ ከተሞች ይተርካል። ካኑ ስለ ቬኒስ ለምን እንደማይነግረው ሲጠይቀው፣ ስለ ሌላ ከተማ በተናገረ ቁጥር ስለ ቬኒስ አንድ ነገር መናገሩ እንደሆነ ይመልሳል። በስምዋ ግን አይተርካትም፤ ቃል የትዝታን ሥዕል ይሰርዛልና ቢናገርላት በአንዴ እንዳያጣት ይፈራል። እስከ አሁን ካነሣኋቸው ጎተ፣ ረስኪን፣ ጄምስ፣ አሸንባኽና ብሮድስኪ በተለየ የቬኒስ ተወላጅ እርሱ ብቻ ነው።