ስለ ምጽዋ ከተማና ስለ ነዋሪዎቿ የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት

በአማርኛ ስለ ምጽዋ ሲጻፍ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ቃል «የባሕር በር» የሚለው ነው። በር ሲባል ግን ቤቱ በሌላ ስፍራ እንደ ሆነ መናገር ነው። በር የሚገቡበትና የሚወጡበት እንጂ የሚኖሩበት አይደለም፤ በዚያ የሚገኘውም ሰው ወይ ዘበኛ፣ ወይ ቀረጥ ተቀባይ፣ ወይ አላፊ መንገደኛ ነው። የጥንቱ ማዕርግ እንኳ ይህንኑ ያስታውሳል፤ ባሕር ነጋሽ የተባለው ሹም በባሕር ስም ቢጠራም መቀመጫው በደጋው በድባርዋ ነበር። ስለዚህ የምጽዋን አሮጌ ሰፈር ሰው ተወልዶ፣ አግብቶ፣ ወርሶና ተጣልቶ የሚኖርበት ስፍራ አድርጎ የሚመረምር ጥናት ሲገኝ በጥሞና ልንመለከተው ይገባል።

ለዚህ ሐተታ መነሻ የሆኑት መጻሕፍት ሁለት ናቸው። አንደኛው ጆናታን ሚራን በ2009 በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተሙት፣ ርእሱ በአማርኛ «የቀይ ባሕር ዜጎች» ሊባል የሚችለው ነው። ሁለተኛው ሲልቪያ ብሩዚ በ2018 በብሪል ማተሚያ ቤት ያወጡት፣ ሲቲ ዐለዊያ ስለምትባለው የምጽዋ አካባቢ ሴት የተጻፈው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ሁለቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለ ሆኑ በተማሪዎቻችን ዘንድ እምብዛም አልተነበቡም። በተነበቡም ጊዜ አንባቢው በአብዛኛው የሚፈልገው በወደቡ ምን ያህል ዕቃ እንደ ገባና እንደ ወጣ ነው፤ ይህም ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የደወሉን ክብደት ብቻ ጠይቆ እንደ መውጣት ይቈጠራል።

ከእነዚህ መጻሕፍት አስቀድሞ የነበረው ጽሑፍ ምን ዓይነት እንደ ነበረ ማመልከት ይገባል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ምጽዋ የደረሱት በሚያዝያ ወር 1520 ነበር፤ ደሴቲቱን ግን ባዶ አገኟት። ነዋሪዎቹ የመርከቦቹን መምጣት ከጥቂት ቀናት በፊት ሰምተው ሸሽተው ነበርና። ይህ አጋጣሚ ነው፤ ዳሩ ግን ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ከተማዪቱ ሰው ሞልቶባት ሳለ እንኳ ባዶ አድርገው ጽፈዋታል። በ1769 የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በሰፊው የሚተርከው ስለ ናይቡ ስስትና በራሱ ላይ ስለ ደረሰው ሥጋት ነው። ናይቡ ከበለው ወገን የሆነና በትይዩው የብስ በሕርጊጎ የሚቀመጥ ባለ ሥልጣን ነበር፤ ያለ እርሱ ፈቃድ መንገደኛው ወደ ደጋ አይወጣም። በመሆኑም የመንገደኞቹ መጻሕፍት የሚያወሱት ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ውሃው እጥረት፣ ስለ ቀረጡና ስለ ጥበቃው ብዛት ነው። ፈቃድ ሲጠብቅ የሰነበተ ሰው ጎረቤቱን ሊያጠና አይችልም። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1982 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ከተሞች ታሪክ ውስጥ የእነዚህን ተጓዦች ቃል በሚያስመሰግን ትጋት ሰብስበዋል፤ ሆኖም የምስክሮቹ ቦታ ያው በሩ ላይ ስለ ሆነ የሚታየውም ከበሩ የሚታየው ነው።

ፕሮፌሰር ሚራን የለወጡት ይህን የምስክር ቦታ ነው። በምጽዋ የእስልምና ፍርድ ቤት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ እኩሌታ የተጻፉትን መዛግብት መርምረዋል፤ የከተማዪቱን ሽማግሎችም ጠይቀዋል። በቃዲው ፊት የቀረበው ጉዳይ ጋብቻና ፍቺ፣ ውርስ፣ የቤት ሽያጭ፣ ውክልናና ወቅፍ ነው። ከሐድራመውት፣ ከግብፅ ወይም ከሌላው የቀይ ባሕር ዳርቻ የመጣው ነጋዴ በመንገደኛው መጽሐፍ «ዐረብ» ተብሎ የሚታለፍ ነበር፤ በመዝገቡ ውስጥ ግን የአገሬውን ልጅ ያገባ አማች፣ የቤት ተካፋይ፣ ለመስጊድ ንብረቱን የተወ ሰው ሆኖ ይገኛል። ከሁለት ትውልድ በኋላ ልጆቹ በትግረና በዐረብኛ የሚናገሩ፣ ራሳቸውንም የምጽዋ ሰዎች የሚሉ ናቸው። የመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፍ ምጽዋዊ ስለ መሆን የሚናገር ሲሆን፣ በእኔ አስተያየት ከምዕራፎቹ ሁሉ የሚልቀው ይኸው ነው። (ርእሱን «ዜጎች» ብሎ የሚተረጕም ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ ዜጋ በጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶች ለባለ መሬቱ ጥገኛ የሆነውን ሰው ያመለክት ነበርና፣ እዚህ ከተፈለገው አሳብ ጋር ፊት ለፊት ይቃረናል።)

ስለ ደላሎች የተጻፈውም ክፍል ለእኛ ልዩ ጥቅም አለው። ከደጋ የወረደ ሲራራ ነጋዴ በምጽዋ የሚያርፈው በደላላው ዘንድ ነው። ደላላው ያሳድረዋል፣ ዕቃውን ያስቀምጥለታል፣ ቋንቋውን ይተረጕምለታል፣ ከገዢው ጋር ያስማማዋል። እንግዲህ የዝሆን ጥርሱና ሰሙ ወደ ባሕር የተሻገረው በአንድ ሰው ቤት ውስጥ፣ በአንድ ሰው እንግዳ ተቀባይነትና ዋስትና ነው። የንግድ ታሪካችን የሲራራውን መንገድ ከጐጃምና ከጐንደር ጀምሮ በዝርዝር ይከተልና ባሕር ሲደርስ ያቆማል፤ ነጋዴው ያደረበት ክፍል የማን እንደ ነበረ አይጠይቅም።

የሕዝብን ባህል ለምናጠና ሰዎች በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያልተነገረ ወቀሳ አለብን። ልማዳችን አንድን ብሔረሰብ ለይቶ ቋንቋውን፣ ሰርጉንና ለቅሶውን መጻፍ ነው። ምጽዋ ለዚህ አሠራር አትመችም። በለው፣ ትግረ፣ ሳሆ፣ ዐፋር፣ ዐረብ፣ ግብፃዊና ሕንዳዊ በአንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባላት ደሴት ላይ ተቀራርበው ሲኖሩ «የየትኛው ሕዝብ ባህል ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ አያገኝም፤ መልስ ስላላገኘም ስፍራው ከነጭራሹ ከጥናታችን ውጭ ቀርቷል። ጎረቤትነት ራሱ ባህል መሆኑን ለመቀበል ዘግይተናል።

ይህን ካልሁ በኋላ በሚራን መጽሐፍ ላይ ሁለት ተቃውሞ አለኝ። የመጀመሪያው ከምንጩ ባሕርይ የሚመጣ ነው። ወደ ቃዲው መዝገብ የሚገባው የሚወርሰው፣ የሚያወርሰው ወይም የሚከራከርበት ነገር ያለው ሰው ነው። ውሃ ተሸካሚው፣ የጀልባ ቀዛፊው፣ በዳህላክ ደሴቶች ሉል ለማውጣት የሚጠልቀው፣ በባርነት የተያዘውም ሰው የሚታዩት በሌላ ሰው ጉዳይ ውስጥ ሲነሡ ነው። ደራሲው ይህን ያውቁታል፤ ነገር ግን «ምጽዋዊ» የሚለው ስም እስከ የት ድረስ ይወርድ እንደ ነበር፣ በየብሱ በጭራሮ ጎጆ የሚያድረውና በቀን በደሴቲቱ የሚሠራው ሰው በዚህ ስም ይጠራ እንደ ሆነ፣ ጥያቄው ከዚህ በላይ ጎልቶ መውጣት ነበረበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ቤቱ ራሱ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቤት በአመዛኙ ንብረት ነው፤ ይሸጣል፣ ይከፈላል፣ ለወቅፍ ይሰጣል። ነገር ግን በምጽዋ ቤት ማለት ከሙቀት ጋር የሚደረግ የዘወትር ትግል ነው። የዓመቱ አማካይ ሙቀት ሠላሳ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሆንበት ስፍራ፣ ግድግዳው ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይና በኖራ የሚሠራው፣ መስኮቱም በእንጨት ፍርግርግ ተሸፍኖ ወደ ውጭ የሚወጣው ነፋስ እየገባ የውስጡ ሰው ከመንገድ እንዳይታይ ነው። በበጋው ሌሊት ሰው በሰገነት ላይ ይተኛል። በሰገነት መተኛት ደግሞ የጎረቤትን ሳል መስማት፣ የማይታየውንና የማይሰማውን በስምምነት መወሰን ነው፤ እንዲህ ያለው ስምምነት በቃዲ መዝገብ አይጻፍም። ውሃውም እንዲሁ ነው። ለግብፅ መንግሥት ይሠራ የነበረው ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር በ1870ዎቹ ከእምኵሉ በቦይ እስኪያስመጣው ድረስ ደሴቲቱ የምትጠጣው የተጠራቀመ የዝናብ ውሃና ከየብስ ተጭኖ የሚመጣውን ነበር። ውሃውን ማን እንደሚቀዳ፣ ለማን አስቀድሞ እንደሚደርስ ማወቅ የውርስ ክርክር ከማወቅ አያንስም።

ስለ ሕንጻዎቹ የጻፉት ደግሞ በአብዛኛው ሰውን ትተው ድንጋዩን ይዘዋል። የቱርክ ቤት፣ የግብፅ ቤት፣ የኢጣሊያ ቤት እያሉ ይከፋፍላሉ። ኦቶማኖች በ1557 ገቡ፣ ግብፅ በ1865 ተረከበች፣ ኢጣልያ በየካቲት 1885 ያዘች፤ ይህ የባንዲራ ታሪክ ነው። ነገር ግን በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዪቱን በብርቱ ጐድቷታል፤ ቤቶች ፈርሰው ታድሰዋል፤ ነዋሪው በአሮጌ መሠረት ላይ ባገኘው ድንጋይና ባገኘው አናጢ ሠርቷል። ቤቱን በገዢው ስም መጥራት ከሠሪው እጅ መንጠቅ ነው።

ብሩዚ ያጠኑት ከሚራን መዝገብ ውጭ የቀረውን አንድ ክፍል ይሞላል። ሲቲ ዐለዊያ የኸትሚያ ጠሪቃ መሪዎች ከሆኑት ከሚርጋኒ ቤተ ሰብ የተወለደች፣ በኢጣልያ ዘመን ከፍ ያለ ክብር የነበራትና በ1940 ያረፈች ሴት ናት። መኖሪያዋ ከደሴቲቱ ውጭ በየብስ ባለችው በሕጡምሎ ነበር። በዚህም ምክንያት መጽሐፉ ሳይፈልግ አንድ ትልቅ ነገር ያስረዳናል፤ አሮጌው ሰፈር በደሴቲቱ ዳርቻ አያበቃም። የኮራል ቤቶቹን ብቻ «ታሪካዊ» ብሎ ማጠር ሕጡምሎን፣ እምኵሉንና ሕርጊጎን ማስቀረት ነው። ብሩዚ ከቅኝ ገዢው ጽሑፍ በተጨማሪ ፎቶግራፎችንና የቃል ትውፊትን በመመርመራቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ሆኖም በርእሱ ላይ «ዘውድ ያልጫነች ንግሥት» የሚለው ስያሜ ዓይናችንን ወደ አንዲት ባለ ክብር ሴት ይስባል፤ ወደ እርስዋ ለበረከትና ለእርቅ የሚመጡት ሴቶች፣ ማለት የሰፈሩ ጎረቤቶች፣ በፎቶግራፉ ጠርዝ ላይ ይቀራሉ።

ሁለቱም መጻሕፍት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ያለውን ዘመን አይመለከቱም፤ ርእሳቸውም አይደለምና አይወቀሱበትም። ዳሩ ግን የአማርኛ ተናጋሪ በብዛት በምጽዋ የኖረው ከ1952 በኋላ ነው። መምህሩ፣ ባሕረኛው፣ የጉምሩክ ጸሐፊው፣ የወደብ ሠራተኛው ከዚያች ከተማ ቤት ተከራይተው ኖረዋል። በየካቲት 1990 ከተማዪቱ በሕዝባዊ ግንባር ኤርትራ እጅ ከገባች በኋላ የወታደራዊው መንግሥት አውሮፕላኖች ደብድበዋታል፤ ሰው ሞቷል፣ ከአሮጌው ሰፈርም ብዙው ፈርሷል። ከኤርትራ ነጻነትና ከ1998 ጦርነት ወዲህ ባደገው የእኛ ትውልድ ዘንድ ከተማዪቱን በዓይኑ ያየ ጥቂት ነው። ስለዚያ ዘመን በአማርኛ የሚተረከው በአመዛኙ ስለ ጦር ሰፈሩ፣ ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ውጊያው ነው፤ የፈረሰው ቤት የማን እንደ ነበረ የሚናገር ገጽ ማግኘት ያስቸግራል። ሚራን ባሳዩን ዓይነት አንድ ቤት በብዙ ወራሾች የተከፋፈለ ከሆነ፣ የፈረሰው ግድግዳ ብቻ ሳይሆን የድርሻው ስምምነትም ነው፤ ጠጋኙም ከድንጋዩ በፊት ወራሾቹን መፈለግ አለበት።

በዚያ የኖሩት የአማርኛ ተናጋሪዎች ዛሬ ሸምግለዋል፤ በአዲስ አበባም በሌላም ከተማ ይገኛሉ። ተማሪዎቻችን ሄደው ሊጠይቋቸው ይችላሉ። ስለ ውጊያው ሌሎች ጠይቀዋቸዋል፤ የሚቀረው ቤቱን ያከራያቸው ማን እንደ ነበረ፣ ከባለ ቤቱ ጋር በየትኛው ቋንቋ እንደ ተነጋገሩ፣ ውሃ ከወዴት እንዳስቀዱ፣ በበጋ ሌሊት በማን ሰገነት ላይ እንደ ተኙ፣ ሲለቁም ቍልፉን ለማን እንደ መለሱ ነው።