ለስምንት ግራም ተኩል የሚሆን ክንድ

የሸክላ ማጫወቻ ክንድ የሚጠየቀው ነገር እርስ በርሱ የሚጣላ ነው። መርፌዋን የተሸከመውን ካርትሪጅ ንቅንቅ እንዳይል አድርጎ መያዝ አለበት። መርፌዋ ከቦዩ ግድግዳ የምትለቅመው እንቅስቃሴ አንዳንዴ ከሚሊ ሜትር ሺህኛም ስለሚያንስ፣ ክንዱ ትንሽ ከላላ ድምፁ እዚያው ባክኖ ይቀራል። እንደገና ደግሞ ሸክላው ጎብጦ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው፣ ቀዳዳው ከመሐል ወጣ ብሎ የተበሳ ከሆነም ግራና ቀኝ ሲወስደው፣ ያለአንዳች ተቃውሞ መከተል ይጠበቅበታል። እነዚህን ሁለት ጠባዮች በአንድ ዕቃ ላይ ያስታረቁ ሰዎች ሥራ፣ ማጫወቻው ጠፍቶም ቢሆን ቁጭ ተብሎ ቢታይ አይሰለችም።

እንግሊዝ ውስጥ፣ ስቴይኒንግ በምትባል የሰሴክስ ትንሽ ከተማ፣ አላስቴር ሮበርትሰን-ኤክማን እ.ኤ.አ. በ1946 ያቋቋመው ድርጅት መጀመሪያ የሚሠራው ለሞዴል ሠሪዎች የሚሆን ጥቃቅን ዕቃ ነበር። ሰውየው ሙዚቃ ወዳድ ነበርና ለራሱ የሚሆን ክንድ ፈልጎ አሠራ። ክንዱ ተወደደ፤ በ1959ም ኤስ.ኤም.ኢ. በሚል ስም ለገበያ መመረት ጀመረ። ባለ 9 ኢንቹ 3009፣ ባለ 12 ኢንቹ 3012 ተባለ።

3009ን ቀረብ ብሎ ላየው፣ ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች በሚንቀሳቀስበት ቦታ ኩሽኔታ የለም። የተሳሉ የብረት ጠርዞች ጎድጎድ ባለ ማረፊያ ላይ ተቀምጠዋል፤ የወርቅ ቤት ሚዛን የሚወዛወዘው በዚሁ ዘዴ ነው። ስለት ላይ ያረፈ ነገር ፍትጊያው ከቁጥር አይገባም። የሚንቀጫቀጭበት ክፍተትም የለውም፤ የገዛ ክብደቱ ሁልጊዜ ወደ ማረፊያው ይጫነዋል። ኩሽኔታ ሲሆን ግን አንዱን ለማግኘት ሌላውን መስጠት ግድ ነው፤ ጥብቅ ካለ ይከብዳል፣ ላላ ካለ ይንቀጫቀጫል። ግራ ቀኝ የሚዞረው በኩሽኔታ ቢሆንም፣ ከባዱን ጥያቄ የመለሰው ስለቱ ነው።

ሌላው አካሉም ምንም አይደብቅም። መርፌዋ ወደ ሸክላው መሐል እንዳትሳብ የሚይዛት በቀጭን የናይሎን ክር የተንጠለጠለች ትንሽ ክብደት ናት፤ ሞላ የለ፣ ማግኔት የለ፣ የመሬት ስበት ብቻ። የመርፌዋ ጫና የሚወሰነው በዘንግ ላይ በምትንሸራተት ሌላ ክብደት ነው። መቀመጫው ሐዲድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ስለሚሄድ፣ ካርትሪጁን ከሚፈለገው ርቀት ላይ ለማምጣት ሙሉ ክንዱ ይገፋል እንጂ ካርትሪጁ አይነካም። እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ይህ ሐዲድ ነው። ብዙ ዘመናዊና ውድ ክንዶች ላይ ይህንኑ ለማስተካከል ከመርፌዋ አጠገብ ካቻቢቴ ይዞ መንቀጥቀጥ አለ።

ይሁን እንጂ ክንድ ብቻውን ጥሩ ወይም መጥፎ አይባልም። ካርትሪጅ ውስጥ መርፌዋን የተሸከመች ቀጭን ዘንግ አለች፤ ዘንጓ የተያዘችው በጎማ ነው። ጎማዋ ሞላ ናት፤ ክንዱ፣ ካርትሪጁና ብሎኖቹ በሞላው ላይ የተጫነ ክብደት ናቸው። ሞላና ክብደት በተገናኙበት ሁሉ የራሱ የመወዛወዣ ፍጥነት ይኖራል። ይህን ማስቀረት አይቻልም፤ የሚቻለው የት እንደሚያርፍ መምረጥ ነው። ከ20 ኸርዝ በላይ ሙዚቃው አለ። ከ6 ኸርዝ በታች የሸክላ ጉብጠትና በወለሉ የሚመጣ የእግር ኮቴ አለ። በመካከል ከ8 እስከ 12 ኸርዝ ያለችው ጠባብ ቦታ ናት ሁሉም የሚፈልጋት። ለማስላት፣ ክብደቱን በግራም፣ የጎማዋን ልስላሴ በማይክሮ ሜትር በሚሊ ኒውተን ወስዶ ማባዛት፣ የብዜቱን ስኩዌር ሩት ማውጣት፣ ከዚያ 159ን በእሱ ማካፈል ይበቃል።

የክንዱ ክብደት ሲባል ሚዛን ላይ የሚወጣው አይደለም፤ መርፌዋ ጫፍ ላይ ሆና የምታንቀሳቅሰው ነው። ከመዞሪያው ያለው ርቀት በራሱ ተባዝቶ ይገባበታል። 23 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክንድ ላይ፣ ከኋላ ያለው ማመዛዘኛ 100 ግራም ሆኖ ከመዞሪያው 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቀመጥ፣ መርፌዋ የምትቆጥረው ወደ 3 ግራም ብቻ ነው። ፊት ካርትሪጁ በሚታሰርበት ሄድሼል ላይ የተጨመረች አንዲት ግራም ግን ሙሉዋን ትቆጠራለች። የኤስ.ኤም.ኢ. ሄድሼል በቀዳዳ የተሞላው ለጌጥ እንዳይመስላችሁ።

ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ፋሽኑ ጎማቸው በጣም የለሰለሰ ካርትሪጆች ነበሩ። በ1973 የወጣው የሹር ቪ15 ሦስተኛ ዓይነት ወደ 6 ግራም ይመዝናል፣ ልስላሴው 30 አካባቢ ነው፣ በ1 ግራም ጫና ይሠራል። ሄድሼሉ የማይነቀለው የተሻሻለው 3009 መርፌዋ የምትቆጥረው ክብደት 6.5 ግራም ነው። ለብሎኖቹ 1 ግራም ስንጨምር ድምሩ 13.5፤ ውጤቱ 8 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። ጥሩ ጋብቻ ነው። ያንኑ ሹር 20 ግራም በሚቆጠር ከባድ ክንድ ላይ ብንሰቅለው ግን ከ6 ኸርዝ በታች ይወርዳል። ያኔ በሙቀት የጎበጠ ሸክላ፣ ለምሳሌ አምሃ ሬከርድስ ከ1969 ጀምሮ ካወጣቸው ባለ 7 ኢንች ሸክላዎች ብዙ ቤት የዞረ ቅጂ፣ ክንዱን እያነሳ እያወረደ መርፌዋን ያስጨንቃታል። የድምፅ ማጉያው ወረቀትም ሙዚቃ ሳይኖር ወጣ ገባ ሲል በዓይን ይታያል።

ተቃራኒው የዴኖን ዲ.ኤል. 103 ነው። ከጃፓን ብሔራዊ ስርጭት ኤን.ኤች.ኬ. ጋር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሬዲዮ ጣቢያ ሥራ የተነደፈ፣ እስካሁንም የሚሠራ ካርትሪጅ ነው። የፕላስቲክ አካሉ ለዓይን ርካሽ ይመስላል፤ የመርፌው ጫፍ ተራ ክብ ነው። ክብደቱ 8.5 ግራም፣ ጫናው 2.5 ግራም ነው። ጎማው ድርቅ ያለ ነው። ፋብሪካው ልስላሴውን 5 ብሎ ይጽፋል፤ ይህ ግን በ100 ኸርዝ የተለካ ስለሆነ፣ ለእኛ ሂሳብ ብዙ ሰው እጥፍ አድርጎ 10 ገደማ ይወስደዋል። በቀላሉ 3009 ላይ 12.6 ኸርዝ ይመጣል፤ ከሚፈለገው በላይ ነው። 20 ግራም በሚቆጠር ክንድ ላይ 9.3 ይሆናል፣ ባሱም ሥር ይይዛል። ለዚህ ነው የዲ.ኤል. 103 ወዳጆች ክንዳቸውን «ሲያሻሽሉ» በካርትሪጁና በሄድሼሉ መካከል የነሐስ ሰሌዳ የሚያስገቡት፣ ወይም ከበድ ያለ ሄድሼል የሚገዙት። ቀላል ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ ያደገ ሰው ይህን ለመቀበል ጊዜ ይወስድበታል።

መካከለኛውን መንገድ የያዘው ሬጋ ነው። ሳውዝኤንድ ያለው ይህ ፋብሪካ በ1983 ያወጣው አር.ቢ. 300 ከሄድሼሉ እስከ መዞሪያው አንድ ወጥ ሆኖ ቀልጦ የፈሰሰ አሉሚኒየም ነው። መገጣጠሚያ ከሌለ የሚላላ የለም። የሚቆጠረው ክብደት ወደ 11 ግራም በመሆኑ ከዲ.ኤል. 103 ጋር 11 ኸርዝ አካባቢ ያርፋል። ውበቱ እንደ 3009 ዓይን አይይዝም፤ ለዋጋው ግን የሚተካከለው ጥቂት ነው ባይ ነኝ። ኤስ.ኤም.ኢ. ራሱ በኋላ በአምስተኛው ሞዴሉ ስለቱን ትቶ በአንድ የማግኒዝየም ቱቦ ወደዚሁ ሐሳብ መጥቷል።

ገጠማው ትዕግሥት ይጠይቃል። የካርትሪጁ ሁለት ቀዳዳዎች በ12.7 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ብሎኖቹ ቀጫጭን ናቸው። አራቱ ሽቦዎች ነጭና ሰማያዊው ለግራ፣ ቀይና አረንጓዴው ለቀኝ ናቸው። በትንሽ ወረንጦ ከመሰኪያው አንገት ይያዛሉ፤ ሽቦው ከተጎተተ ይበጠሳል። ሂሳቡ በትክክል መውጣቱ የሚታየው በሙከራ ሸክላ ነው። ድምፁ ከኸርዝ ወደ ኸርዝ ሲወርድ መርፌዋን ከጎን ማየት ነው፤ የተሰላው ቁጥር ጋ ሲደርስ ዘንጓ በድንገት ትርገበገባለች፣ አልፎ ሲሄድ ትረጋለች። ወረቀት ላይ 9.3 ያለው እዚህ 9 ወይም 10 ላይ ቢያርፍ አያስገርምም።

ኤስ.ኤም.ኢ. በ2019 መጨረሻ ክንድ ለብቻው መሸጥ አቆመ፤ 3009 የሚፈልግ ሰው ያገለገለ መግዛት አለበት። የተሻሻለው ሞዴል ስለት የሚያርፍበት ማረፊያ ናይሎን ነው፤ ካረጀ በነሐስ የሚተኩ ባለሙያዎች አሉ። የክሩ ክብደትም ቢጠፋ ተመሳሳይ ማሠራት አያስቸግርም። ስለቱ የተሸረፈ ከሆነ ግን፣ ክንዱ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ መግዛቱ አያዋጣም።