«አዲስ ዝርያ ተገኘ» ስለሚለው አነጋገር

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከቢቢታ ተራራ ደን የተሰበሰበች፣ ወርቃማ መልክ ያላት አንዲት ትንሽ እንቁራሪት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ፍሪኖባትራኩስ ቢቢታ የሚል ሳይንሳዊ ስም ተሰጣት። የወንዱ ቁመት 17፣ የሴቷ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህን የመሰለ ወሬ በአማርኛ ሲነገር ዘወትር የሚመጣው ዐረፍተ ነገር «አዲስ የእንቁራሪት ዝርያ ተገኘ» የሚል ነው። አነጋገሩ አጭርና ለጆሮ የማይከብድ ነው፤ ነገር ግን ከአራቱ ቃላት መካከል ሳይመረመር ሊታለፍ የሚገባው አንድም አላገኘንም።

ከመጨረሻው እንጀምር። መገኘትና መበየን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ካርሎ ፎን ኤርላንገርና ኦስካር ኖይማን በ1900 እና በ1901 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን ተዘዋውረው እጅግ ብዙ እንስሳት ሰብስበዋል። በስማቸው የተጠሩት ሁለቱ እንቁራሪቶች፣ ፕቲካዴና ኤርላንገሪና ፕቲካዴና ኖይማኒ፣ ለሳይንስ የታወቁት ግን በ1924 ኤርንስት አል የተባለው የበርሊን ሊቅ መግለጫቸውን ባሳተመ ጊዜ ነው። ታዲያ እነዚህ እንቁራሪቶች «የተገኙት» መቼ ነው? መረብ በገቡበት ቀን ነው ወይስ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ስማቸው በታተመበት ቀን? ወይስ በአካባቢው የሚኖረው ገበሬ በየክረምቱ ድምፃቸውን እየሰማ ባደገበት ዘመን ሁሉ? አማርኛችን ለሦስቱም አንድ ግሥ ብቻ ሲሰጥ የገበሬው እውቀትም የሊቁ ድካምም በአንድነት ይጠፋሉ።

የሊቁ ድካም ቀላል አይደለም። እንስሳዪቱን ከቅርብ ዘመዶቿ ሁሉ ጋር ያስተያያል፤ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ፊንጢጣ ይለካል፤ የወንዱን ጩኸት ይቀርጻል፤ በዘመናችን ደግሞ ዲ ኤን ኤዋን ይመረምራል። ከዚያም ከሰበሰባቸው መካከል አንዱን አካል መርጦ ስሙ ለዘለዓለም ከእርሱ ጋር እንዲቆራኝ በሙዚየም ያኖረዋል፤ መግለጫውንም ያሳትማል። ይህን ሥራ «መግለጽ» ብሎ መተርጎም በእኛ አስተያየት አይበቃም። «መግለጫ» ዛሬ የመሥሪያ ቤት ቃል ሆኗል፤ «ገለጻ»ም ለእንግዳ የሚደረግ ማብራሪያ ነው። «መበየን» እና «ብያኔ» ግን ወሰን ማበጀትን፣ ይህ ነው ያ አይደለም ብሎ መለየትን ያመለክታሉ። ስለዚህ «አዲስ ዝርያ ተበየነ» ቢባል እንመርጣለን። ስም ተሸካሚ ሆኖ በሙዚየም የሚቀመጠውንም አካል እንዲሁ «ናሙና» ማለት ከነጋዴ ቡና ናሙና አይለየውም፤ ጥርጥር በተነሣ ጊዜ ሁሉ የሚጠራ ምስክር ስለሆነ «ዋቢ ናሙና» ቢባል ዋቢ የሚለው ቃል በሕግም በመጻሕፍትም የለመደውን ሥራ ይሠራል።

«አዲስ» እና «ዝርያ» ተጎራብተው ሲቆሙ ሌላ ችግር ያመጣሉ። ስለ ስንዴ «አዲስ ዝርያ ተገኘ» ሲባል የምርምር ጣቢያ አዳቅሎ ያወጣው ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት በምድር ላይ አልነበረም። ስለ እንቁራሪት ያው ዐረፍተ ነገር ሲነገር ከሰው ልጅ በፊት የነበረች ፍጥረት ማለት ነው። ያልተነገረው አንባቢ ልዩነቱን ከየት ያውቀዋል?

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረን «አስተኔ» ነው። በእንስሳት ምደባ ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ የሚለው ቅደም ተከተል ተለምዷል። በዚህ መሠረት አስተኔ ከመደብ ሁለት ደረጃ ዝቅ ይላል። በትምህርት መጻሕፍት ግን በውሃም በየብስም የሚኖሩት እንስሳት መደብ በሙሉ «እንቁራሪት አስተኔ» ይባላል። ተማሪው ስለ አስተኔ ሲጠየቅ የትኛውን ይመልስ? ይህም ብቻ አይደለም፤ በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን በ1970 (እ.ኤ.አ.) የተበየነች፣ እግር የሌላት፣ የምድር ትል የምትመስል ሲልቫሲሲሊያ ግራንዲሶኔ የዚሁ መደብ አባል ናት። እርሷን እንቁራሪት አስተኔ ብሎ መጥራት ዐይንን ያስክዳል።

«እንቁራሪት» ራሱም ቢሆን ወሰኑ ልል ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘፀአት የግብፅን መቅሠፍት «ጓጕንቸር» ይለዋል። ዛሬ ብዙ ሰው ለስላሳዪቱንና ዘላዪቱን እንቁራሪት፣ ቆዳው ሻካራ የሆነውንና ወፍራሙን ጓጉንቸር ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሁለቱን ቃላት አንዱን በሌላው ይተካል። ሁለት ቃል እያለን አንዱን ያለ ሥራ ማስቀመጥ ብክነት ነው።

እስካሁን የጠቀስናቸው የደጋና የደን እንስሳት ናቸው። ወደ መተማና ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ስንወርድ ነገሩ ይለወጣል። በሽንፋ ወንዝ አጠገብ ያለው ጥንታዊ የሰው ሰፈር «ሽንፋ-መተማ 1» በሚል ስያሜ በ2024 (እ.ኤ.አ.) በሳይንስ መጽሔት ታትሞ የመተማን ስም ዓለም አንብቦታል፤ ሰዎቹ ከ74,000 ዓመት በፊት በበጋ ወንዙ ሲቆራረጥ በሚቀሩት ኩሬዎች ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር ተጽፏል። የዚያው አገር እንቁራሪት ግን ዛሬም በአማርኛ መዝገበ ቃላት የራሷ ስም የላትም። በበጋ ዋልካው ተሰነጣጥቆ ምድሩ ዝም ይላል፤ በሰኔ ዝናቡ ሲወርድ ሌሊቱ በጩኸት ይሞላል። በዚያ ጩኸት ውስጥ ስንት ዓይነት ድምፅ እንዳለ የሚለየው የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ሲጠብቅ የሚያድር ሰው ነው።

የቆላ እንቁራሪቶች በአብዛኛው ከምዕራብ አፍሪካ ጀምሮ የተዘረጉ እየተባሉ በሩቅ አገር ስም ይጠራሉ፤ ካሲና ሴኔጋለንሲስ ሴኔጋልን፣ ፕቲካዴና ኒሎቲካ ዐባይን ይዘው ቀርተዋል። ይሁንና የደጋዎቹ ፕቲካዴናዎች ታሪክ ያስጠነቅቀናል። እዚያም ጥቂት ይመስሉ የነበሩት ሲመረመሩ ብዙ ሆነዋል፤ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ፕቲካዴና አማረንሲስ፣ በ2021 ደግሞ በአንድ ጥናት አራት ዝርያዎች ተበይነዋል። አንድ የመተማ ገበሬ ወይም አንድ የቋራ ጉሙዝ ሁለት ስም ለሁለት ድምፅ ቢሰጥ ይህ የዝርያ ማስረጃ ነው አንልም፤ ወዴት ጆሮን ማዘንበል እንደሚገባ ግን ይጠቁማል። መዝገበ ቃላቶቻችን በአብዛኛው የደጋውና የቤተ ክህነቱ ልጆች ስለሆኑ ለዚህ ጆሮ አልሰጡም። ከደጋ ለሥራ የሚወርደው ሰው ሁሉንም «እንቁራሪት» ብሎ ያልፋል፤ የእርሱም አነጋገር የነባሩን ቃል እየሸፈነው ነው።

ስለ አጻጻፍ አንድ ቃል እንጨምር። እንግሊዝኛ የሚከተሉት «ቲካዴና»፣ ፊደሉን የሚከተሉት «ፕቲካዴና» ይላሉ። እኛ ሁለተኛውን እንደግፋለን፤ የላቲኑን ስም ከመዝገብ ለሚፈልግ ሰው መንገዱን ያሳያልና። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ወገንና ዝርያውን ከሌላው ጽሑፍ ለመለየት ከሥራቸው ማስመር ይበቃል።

ከመተማ፣ ከቋራና ከአላጥሽ ዙሪያ ቃል የሚሰበስቡ ባልደረቦች በካርዱ ላይ ቃሉን ብቻ ጽፈው እንዳያበቁ እንለምናለን። በየትኛው ቋንቋ እንደተነገረ፣ በስንተኛው የዝናብ ሳምንት እንደተሰማ፣ እንስሳዪቱ በኩሬ ዳር፣ በሣር ውስጥ ወይስ በዋልካ ስንጥቅ እንደታየች ይመዝገብ፤ ድምፁም ይቀረጽ።