ጅራቱ የት ይጠፋል?

አንድ ሰው በጓሮው ቴሌስኮፕ ያነሳውን የዩጂሲ 10214 ፎቶ ሲያሳየኝ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጅራቱ ነው። ይህ ጋላክሲ በድራኮ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ 420 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ይገኛል። ሃልተን አርፕ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ያልተለመዱ ጋላክሲዎች አትላስ ውስጥ ካሰፈራቸው 338 አንዱ ሲሆን ቁጥሩ 188 ነው። አንድ ትንሽ ጋላክሲ በአጠገቡ ሲያልፍ ከዋክብቱንና ጋዙን በስበት ጎትቶ፣ 280,000 የብርሃን ዓመት የሚረዝም ጅራት አስቀረለት።

ጅራቱ እጅግ ደብዛዛ ስለሆነ የፎቶ አንሺው ትዕግሥት የሚለካው እዚያ ነው። ሰማዩን ለማጥቆር የቸኮለ ሰው ጅራቱንም አብሮ ይቆርጠዋል፤ በመቀስ የተከረከመ ይመስል ድንገት ያልቃል። በጥሩ ፎቶ ላይ ሰማዩ ከሰል አይመስልም፣ ወደ ግራጫ ያደላል። ጅራቱም እንደ ጢስ እየሳሳ ሄዶ የት ላይ እንዳለቀ ሳይታወቅ ይጠፋል። እኔም ብዙ ጊዜ የጠቆረ ሰማይ ሲማርከኝ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን የራሴን ፎቶ ካልተነካው ፋይል ጎን አድርጌ ባየው የጅራቱ ግማሽ የለም። ስንት ሌሊት የለቀምኩትን ብርሃን በራሴ እጅ ጥዬዋለሁ።

ቀጥሎ ፎቶውን አጉልቼ ጅራቱ ላይ ያሉትን ሁለት ሰማያዊ እብጠቶች እፈልጋለሁ። ገና የተወለዱ፣ የጋሉ ከዋክብት የተከማቹባቸው ናቸው፤ በመካከላቸውም ክፍተት አለ። ክፍተቱ ከታየና ሰማያዊው ከጋላክሲው እምብርት ቢጫነት ተለይቶ ከወጣ፣ ፎከሱ ልክ ነበር፣ ቀለሙም አልተበላሸም።

ጥግ ላይ ያሉት ከዋክብት እንቁላል ከመሰሉ መስታወቱ በደንብ አልተስተካከለም ወይም ቴሌስኮፑ የሰማዩን ዙረት በትክክል አልተከተለም። ይህን ማንም ያየዋል።

የሚከብደው ሶፍትዌር የፈጠረውን መለየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነውን፣ የሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሳውን የዚሁ ጋላክሲ ምስል ከጎኑ አስቀምጡ። በጓሮው ፎቶ ላይ ጎልቶ የወጣ ክር መሳይ ነገር በሃብል ላይ ከሌለ፣ ሰማይ ላይም የለም። ከጀርባ ያሉት ጥቃቅን ጋላክሲዎች ደግሞ ሌላ ምስክር ናቸው፤ ሃብል 6,000 ያህል አሳይቷል። ትንሽ ቴሌስኮፕ ከእነዚህ ጥቂቱን ብቻ፣ ያውም እንደ ነጠብጣብ ነው የሚይዘው፤ ፎቶውን አጥብቆ የሚያለሰልስ ሰው መጀመሪያ የሚደመስሰውም እነሱን ነው። ስለዚህ እንደ ሐር የለሰለሰ ሰማይ ሳይ፣ ባለቤቱን እነዚያ ነጠብጣቦች የት እንደገቡ እጠይቀዋለሁ።