ሰብለወንጌልና አንባቢዎቿ

ሰዎች ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ሲወያዩ ጨዋታው አብዛኛውን ጊዜ ሥርዓቱን በሚተቸው በጉዱ ካሳ ተጀምሮ በጉዱ ካሳ ያልቃል። ሰብለወንጌል ላይ ሲደርስ ግን ውይይቱ ይቀርና ፍርድ ይጀመራል። አንዱ ወገን የታማኝነት ምሳሌ አድርጎ ያነግሣታል። ሌላው ወገን፣ በተለይም መጽሐፉን በተማሪነቱ አንብቦ ከዓመታት በኋላ የተመለሰበት አንባቢ፣ ከማልቀስና ከመጠበቅ በቀር ምን ሠራች ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱ የሚቃረኑ ይመስላሉ እንጂ የቆሙበት ቦታ አንድ ነው፤ ሁለቱም ልጅቱን የሚመዝኗት ከመጨረሻው፣ ከመቃብሩ ተነሥተው ነው። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ወደዚያ ስለሚጠቁም አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ ሰብለ ሰብለ የሆነችው በልብ ወለዱ መካከል እንጂ በማብቂያው አይመስለኝም።

ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ ሥራ ሰብለን የምናገኛት በዘር ቆጠራ ታጥራ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ሲያማርጡ፣ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ሲመልሱ፣ የአገሩ ልማድ ለጋብቻ የሚቆርጠው ዕድሜ አለፋት። በኋላ የምታፈቅረው በዛብህ ወደዚያ ግቢ የሚገባው እንግዲህ ልጅቱ የቤቱ ክብርም የቤቱ ኀፍረትም በሆነችበት ሰዓት ነው። የገባውም እንደ እጮኛ ሳይሆን ንባብና ጽሕፈት አስተማሪ ሆኖ ነው። ይህን አንባቢዎች የፍቅሩ ሰበብ ብቻ አድርገው ያልፉታል። እኔ ግን ደራሲው በጥንቃቄ የሠሩት ነገር ይመስለኛል። በትውልድ ዝቅ ያለው የገበሬ ልጅ በእውቀት ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ በትውልድ ከፍ ያለችው ደግሞ ተማሪ ሆና ከፊቱ ትቀመጣለች። በፊታውራሪው ቤት ውስጥ የፊታውራሪው ሥርዓት የማይሠራበት አንድ ቦታ ቢኖር ያ የትምህርት ሰዓት ነው። ፍቅሩ የበቀለው እዚያ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

ሁለቱም ወጣቶች የታሰሩት በወላጆቻቸው ውሳኔ ነው። በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ተስለውበታል፤ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ነው። ሰብለን ደግሞ የያዛት የአባቷ የዘር ኩራት ነው። አንባቢ ግን ሁለቱን እስራት በአንድ ዐይን አያይም። በዛብህ ሲያመነታ ኅሊናው ስለሚወቅሰው ነው ተብሎ ይታዘንለታል። ሰብለ ስታመነታ ደካማ ናት ትባላለች። እንዲያውም ሁለቱን ጎን ለጎን ብናስኬዳቸው ከግቢው በሌሊት ሸሽቶ አዲስ አበባ የገባው በዛብህ ነፍሱን ለማትረፍ የሄደ ነው። ሰብለ የወጣችው ግን ማንም ሳያሳድዳት፣ ይልቁንም የሠርጉ ድግስና ማዕረጉ ተዘርግቶ ሲጠብቃት ነው። ትዳሩን እሺ ብትል ኖሮ የምታጣው በዛብህን ብቻ ነበር፤ እምቢ ስትል የተወችው ስምና ርስት፣ አባትና እናት ነው። ይህን እምቢታ «አለቀሰች» በሚል አንድ ግስ ጠቅልሎ ማለፍ ንባብ አይደለም።

ለዚህ አነባበብ ሬዲዮም የራሱ ድርሻ አለው ብዬ እገምታለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ ልብ ወለዱን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ብዙ ሰው ታሪኩን በጆሮው ተቀብሏል። (ማንበብ የተማረችውን ልጅ ታሪክ ማንበብ ያልተማሩ ሰዎች በፍቅር መከታተላቸው ለብቻው ጥናት ይገባዋል።) የወጋየሁ ችሎታ የማይካድ ነው። ነገር ግን ድምፅ ሐዘንን ከሐሳብ ይልቅ አጉልቶ ያወጣል። የጉዱ ካሳ ሙግት በንግግር የተጻፈ ስለሆነ በሬዲዮ ደምቆ ይሰማል፤ ሰብለ በውስጧ የምታወጣው የምታወርደው ግን በአድማጭ ጆሮ ከልቅሶዋ ጋር ይቀላቀላል። ዛሬ «ሰብለ አልቃሻ ናት» የሚል አንባቢ ሲገጥመኝ ያነበባትን ይሁን የሰማትን ነው የሚነግረኝ ብዬ እጠራጠራለሁ።

ነገሩን ከሌሎች ሁለት ሥራዎች ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ እየተባለ የሚጠቀሰው ሥራ ጀግናዋ ጦቢያ የምትባል ልጃገረድ ናት። ጦቢያ ወንድሟን ዋህድን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ስትንከራተት የወንድ ልብስ ለብሳ ነው፤ ልብሱም እንደ ወንድ መንገድ ያስሄዳታል፣ የንጉሥ ዘመድ የሆነችን ልጅ ሳይቀር ያሳስታል። መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ ጽፋ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» ውስጥ ደግሞ ሂሩት የምትባል ወላጅ አልባ አገልጋይ ልጅ አለች፤ የአባቷን ውጂግራ ጠመንጃ ተነጥቃ፣ በኋላም በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከተዋጊዎቹ ጋር ትሰለፋለች። ሁለቱን አንባቢ በቀላሉ ጀግና ይላቸዋል። የሚታይ ነገር አላቸው፤ አንዷ የወንድ ልብስ፣ ሌላዋ ጠመንጃ። ሰብለ የሚታይ ነገር የላትም። የያዘችው እምቢታ ነው፤ እምቢታ ደግሞ ፎቶግራፍ አይወጣውም። በሂሩት ላይ የደረሰው ጥቃትና በልቧ የያዘችው ዝምታ ከጠመንጃዋ ይልቅ የጠለቀ መሆኑን ልብ የሚሉ አንባቢዎች እንኳ ስለ ሰብለ ዝምታ ሲጠየቁ ያንኑ ትዕግሥት ይነፍጓታል።

እዚህ ላይ ግን ጥፋቱን ሁሉ በአንባቢ ላይ መጫን ተገቢ አይሆንም። ሐዲስ አለማየሁ ሰብለን ሲሥሏት አንድ ነገር ነፍገዋታል፤ በአደባባይ የመከራከር ዕድል። ሥርዓቱን የሚተች ቃል በጉዱ ካሳ አፍ ነው የሚነገረው፤ ሥርዓቱን የሚጥስ የሕዝብ ክንድም የአበጀ በለው ነው። ሰብለ በተግባር ከሁለቱም አላነሰችም፤ የጌትነት ዋና መያዣ የሆነውን የጋብቻ ውል ያፈረሰችው እሷ ናት። ሆኖም ለምን እንዳፈረሰችው በአባቷ ፊት ቆማ ስትናገር አንሰማም። ካሳ ሥርዓቱን በመናገሩ «ጉዱ» ተባለ፤ ሰብለ ሥርዓቱን በመጣሷ ያተረፈችው አፍቃሪ የሚል ስም ብቻ ነው። የመጀመሪያው ስም የሐሳብ ሰው ያደርጋል፣ ሁለተኛው ግን ድርጊቷን ከሐሳብ ያራቁተዋል። ለዚህም ነው ስለ ጉዱ ካሳ ተከራክረን ስለ ሰብለ የምናዝነው።

ፍጻሜውም ይህንኑ ያጠናክረዋል። በዛብህ ሲሞት ሰብለ ትመነኩሳለች፣ ኋላም ከእሱና ከጉዱ ካሳ ጋር በአንድ መቃብር ትቀበራለች። አንዳንዱ አንባቢ ምንኩስናውን የነጻ ምርጫ ዘውድ ያደርገዋል። ይህ ለእኔ አይዋጥልኝም። በዕድሜ የገፋች ባልቴት የምትደፋውን ቆብ ወጣቷ ልጅ በጉብዝናዋ ስትደፋ፣ በዛብህን ከልጅነቱ አሥሮት የኖረው ስለት ወደ እሷ የተላለፈ ይመስላል። አባቷ ያጠሩትን አጥር የዘለለችው ልጅ የበዛብህ ወላጆች ባጠሩት አጥር ውስጥ ገባች። ደራሲው ይህን አስበውበት ይሁን ሳያስቡት ልብ ወለዱ መልስ አይሰጥም። አስበውበት ከሆነ ግን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ አንባቢ ከሚገምተው የከፋ ጨለማ ያለበት መጽሐፍ ነው።

በቅርብ ዓመታት ታሪኩ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ሲቀርብ አንባቢው ተመልካችም ሆኗል። በገጽ ላይ ተራኪው ስለ ሰብለ የሚያስበውን ራሱ ሊነግረን ይችላል፤ በካሜራ ፊት ግን ተዋናይቱ ወይ ትናገራለች ወይ ዝም ትላለች። አባቷ ፊት ስትቆም ምን እንደምትል የሚወስነው የድራማው ጸሐፊ ነው፤ ከመጽሐፉ የሚያገኘው እርዳታ ደግሞ ጥቂት ነው።