መካከለኛዋ ፒክ

የሽንት ናሙና የሚያመጡልኝ ሰዎች ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «አርሰኒኩ ስንት ሆነ?» ድምሩን መናገር አይከብድም፤ የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። ሰውየው ማታ የባሕር ዓሣ በልቶ ካደረ ድምሩ ያሻቅባል፤ ከዓሣው የገባው አርሰኖቤታይን ግን ሰውነት ሳይነካው እንደገባ የሚወጣ፣ ለክፉ የማይሰጥ ነው። ስለዚህ ናሙናውን በክሮማቶግራፊ አሳልፌ አርሰኒኩን በየዓይነቱ እለያለሁ፤ እያንዳንዱ ዓይነት በግራፉ ላይ የራሱን ጫፍ፣ ፒክ የምንለውን፣ ያወጣል።

ሌላም ጣጣ አለ። መሣሪያችን አርሰኒክን የሚያውቀው በክብደቱ፣ በ75 ነው። ሽንት ደግሞ ጨው አለበት፤ የጨው ክሎሪን (35) በመሣሪያው ፕላዝማ ውስጥ ካለው አርጎን (40) ጋር ሲጣበቅ እሱም 75 ይሆናል። ሂሊየም ጋዝ አስገብተን ካላጣራነው፣ ጨው የበላ ሁሉ መርዝ የጠጣ ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማየው የአንድ ኢንዛይም ሥራ ነው። ኤኤስ3ኤምቲ ይባላል፤ ዋና ቦታው ጉበት ነው። በውኃ የገባውን አርሰኒክ ሜቲል ይጨምርበታል፦ አንድ ሲጨምር ኤምኤምኤ፣ ሁለት ሲጨምር ዲኤምኤ። ዲኤምኤ በሽንት ቶሎ ይወጣል። ይህ ሂደት ድሮ መርዝ ማርከሻ ተደርጎ ብቻ ይታይ ነበር። እኔ ግን ያን ቃል ለመጠቀም እሰጋለሁ፤ መሃል ላይ የሚፈጠረው ባለሦስት ቫለንስ ኤምኤምኤ ከመነሻው አርሰኒክ ይብሳልና። ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው በመካከለኛዋ፣ በኤምኤምኤ ፒክ ላይ የሆነው ለዚህ ነው። በአብዛኛው ሰው ከ10 እስከ 20 በመቶ ትይዛለች።

በሰሜን አርጀንቲና፣ አንዲስ ተራራ ላይ ባለችው ሳን አንቶኒዮ ደ ሎስ ኮብሬስ ግን ይህች ፒክ ታንሳለች። የከተማዋ ውኃ በሊትር ወደ 200 ማይክሮግራም አርሰኒክ ነበረው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 10 ነው። በ2015 የወጣ ጥናት፣ ሥራውን እስከ ዲኤምኤ የሚያደርስ የዘረመል ዓይነት በነዋሪዎቹ ዘንድ በተፈጥሮ ምርጫ መበራከቱን አሳይቷል። ይህን ሰምቶ «እንግዲያውስ ለምደውታል» የሚል ሰው ያናድደኛል። የተሻለ ኢንዛይም መርዙን ቶሎ ያስወጣል እንጂ ውኃውን አያጠራም። በእኛ ስምጥ ሸለቆም ከ10 በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ፤ ወሬው ሁሉ ስለ ፍሎራይድ ሆኖ አርሰኒኩ ተረሳ እንጂ።

«ኤምኤምኤ» ብዬ የምጽፈው ቁጥር የባለሦስቱና የባለአምስቱ ቫለንስ ድምር ነው፤ ባለሦስቱ ውሎ ሲያድር ወደ ባለአምስት ይለወጣል። ለይተህ ለካልኝ የሚለኝ ሲመጣ፣ ናሙናው የት እንዳደረ እጠይቀዋለሁ። ወዲያው በረዶ ውስጥ ካልገባ ያንን መስመር ባዶ እተወዋለሁ።