ቆሞ የሚሠራው ባቡር

በኦፕንቲቲዲ ጨዋታ ለባቡር ከሚሰጡት ትእዛዞች ውስጥ በደንብ ሳይታሰብበት የሚታለፈው «ሙሉ ጭነት» ነው። ላይ ላዩን ሲታይ የፉርጎ ጉዳይ ይመስላል፦ ሳትሞላ አትንቀሳቀስ። እኔ ግን ከባቡሩ ይልቅ ጣቢያውን የሚጠቅም ትእዛዝ ነው ባይ ነኝ። የከሰል ማዕድን ማውጫ ካመረተው ወደ ጣቢያው የሚመጣው ጣቢያው ባለው የአገልግሎት ደረጃ ልክ ነው፤ ደረጃው 40 በመቶ ከሆነ የቀረው 60 በመቶ ከናካቴው ይጠፋል። ደረጃውን የተሽከርካሪው ፍጥነትና ዕድሜ፣ የተከማቸው ጭነት ብዛት፣ ሌላው ቀርቶ የተጫዋቹ ኩባንያ በከተማው ያቆመው ሐውልት ይወስኑታል (ሐውልቱ ለከሰል ምን እንደሚፈይድ እንጃ)። ትልቁን ድርሻ የያዘው ግን ከመጨረሻው ጭነት ወዲህ ያለፈው ጊዜ ነው። ከሰባት ቀን ተኩል ካልበለጠ ብቻውን 51 በመቶ ያስገኛል፤ 30 ቀን ካለፈ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። እየጫነ የቆመ ባቡር ካለ ይህ ቆጠራ አይጀምርም።

የቆመ ባቡር ገቢ የለውም፣ ወጪው ግን አይቆምም የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ሒሳቡ እውነት ነው፤ ሆኖም የሚታየውን ወጪ ቆጥሮ የማይታየውን ከሰል ይዘነጋል። ከምርቱ ከ60 በመቶ በላይ ሲጓጓዝ ደግሞ ማዕድን ማውጫው ምርቱን የመጨመር ዕድሉ ይሰፋል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ተተክቶ የሚጭንበት ሁለተኛ መስመር ጣቢያው ላይ ከተዘረጋ፣ የተጨማሪው ባቡር ዋጋ የሚከብድ አይደለም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ጉዞው ሲረዝም ክፍያው ይቀንሳል። ጣቢያ ላይ የተከመረ ጭነት የጉዞ ጊዜው አይቆጠርም፤ ፉርጎ ውስጥ የገባው ግን ባቡሩ ባይንቀሳቀስም ይቆጠርበታል። ከሰል 17 ቀን ተኩል ያህል ክፍያው ሳይቀነስ ይቆያል፤ መንገደኛ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል። አውቶቡስ ተራ «ሲሞላ እንነሳለን» በሚባልበት መኪና ይበልጥ የሚጉላላው ቀድሞ የገባው እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም የሚከስረው በመጀመሪያ የተጫነው ነው። ስለዚህ ትእዛዙን ለመንገደኛ መስጠትን፣ ከተማው ባቡሩን ቶሎ ካልሞላው በስተቀር፣ አልደግፍም። ለከሰል ግን ተቃውሞው ጉልበት የለውም።

እህልና ከብት አብሮ የሚጭን የእርሻ ባቡር ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሁሉም ዓይነት እስኪሞላ ጠብቅ ከተባለ፣ የከብት ፉርጎዎቹ እስኪሞሉ ድረስ የሞላው እህል ያለ ሥራ ይቀመጣል። ከሁለቱ አንዱ ሲሞላ ተነሣ የሚለው አማራጭ መስመሩን ያስለቅቃል፤ በምላሹ ግማሽ ባዶ ፉርጎ ያስጎትታል። ከሁለቱ አማራጮች ይልቅ ለእህሉና ለከብቱ የየብቻ ባቡር መመደብን እመርጣለሁ፤ ጣቢያው ለሁለቱም የሚበቃ መስመር ካለው።